ሐዋሳ፦ ለአባቴ ሻንት ይግባለት ተባለ። ለትልቅ ሰው ያስደረገ አለ?

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሻንት (የጭንቅላት ፈሳሽ የሚያወርደው ቱቦ) ስፈልግ የማገኘው ሁሉ የሕፃናት ነው። የእኔ ጥያቄ ስለ ትልቅ ሰው ነው።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሞያሌ በሉ፣ ጅቡቲ በሉ፣ ያልረገጠው የለም። ጡረታ ወጥቶም ቁጭ አላለም። ጠዋት በእግሩ አሞራ ገደል ይወርዳል፣ የዓሣ ሾርባውን ይጠጣል፣ ከጓደኞቹ ጋር ዳማ ይጫወታል፣ ይመለሳል። ከአምና ጀምሮ ግን አካሄዱ ተበላሸ። መሬቱ ማግኔት ሆኖ ጫማውን የያዘበት ይመስላል። መዞር ሲፈልግ እዚያው ቆሞ ቶሎ ቶሎ ይረግጣል እንጂ አይዞርም። ከባጃጅ መውረድማ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ቀጥሎ ሽንቱን መቆጣጠር አቃተው። ዳማውን ያስተወው ይሄ ነው፤ አፈረ። አሁን ደግሞ ይረሳል። አንድ ነገር ስትጠይቁት መልሱ ይዘገያል።

ሰው ሁሉ "እርጅና ነው" ይላል። አንዱ ጋ ስንሄድ ፕሮስቴት ነው፣ ሌላው ጋ ወገብ ነው እየተባለ መድኃኒት ዋጠ። በመጨረሻ ሲቲ ስካን ታዘዘ። ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ የሚይዙት ክፍሎች ሰፍተዋል ተባለ። ሐኪሙ "ሻንት የሚባል ቀጭን ቱቦ እናስገባለታለን፣ ፈሳሹን ወደ ሆድ ያወርደዋል" አለን። ከዚያ በፊት ግን ከወገቡ ፈሳሽ ተወስዶ ለውጡ ይታያል ብሎ ቀጠሮ ሰጠ።

ቤት ውስጥ ጦርነት ነው። ትልቁ ወንድሜ "በዚህ ዕድሜው ጭንቅላቱ አይነካም" ብሎ ቆርጧል። እናቴ ጸበል ይቅደም ትላለች። አባቴን ስጠይቀው "እንደፈለጋችሁ" ይለኛል። እሱ ደግሞ እንደፈለጋችሁ የሚል ሰው አልነበረም። ያስደረገ ካለ፣ እስቲ ምን ተመለሰ? ምንስ ሳይመለስ ቀረ?

የአዳማው፦

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኔ አዳማ ነኝ። ለእናቴ አዲስ አበባ ተደርጎላታል። ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ።

እግሯ ተመለሰ። ሆስፒታል ሳለች ነው ልዩነቱን ያየነው። ድሮ ሁለት ሰው ደግፏት ነበር ሽንት ቤት የምትደርሰው፤ በኋላ እኛ "ቀስ በይ!" እያልን መከተል ሆነ። ሽንቱ ቀን ቀን በጣም ተሻለ፣ ሌሊት አንዳንዴ ያመልጣታል። መርሳቱ ግን እንደጓጓነው አልሆነም። ንቁ ሆናለች፣ ትቀልዳለች፣ ሰው ታጫውታለች። ግን በረካውን ጠጥታ ስትጨርስ "ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?" ትላለች። በዚህ ከወዲሁ ልባችሁን አዘጋጁ።

ችግሩንም ልንገርሽ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ስትቀመጥ ራሷን ያማታል፣ ስትተኛ ይተዋታል። ፈሳሹ ከሚገባው በላይ እየወረደ ነው ተባለ። እንደገና ሲቲ ተነሣች፣ በአንጎሏና በአጥንቱ መሃል ትንሽ ደም ታየ። ሐኪሞቹ እየተከታተሉ ያለ ሁለተኛ ኦፕሬሽን ጠፋላት። እስኪጠፋ ግን ቤታችን ውስጥ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

ሌላው የዕቃው ጉዳይ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ አልጋ ይዘን ከተኛን በኋላ ነው "ሻንቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ያሉን። አንቺ ከቀጠሮው በፊት ጠይቂ። የጤና መድህን ካላችሁ ደግሞ ሪፈር ወረቀቱንና እያንዳንዷን ደረሰኝ ያዙ።

ለወንድምሽ፦ የራስ ቅል ተከፍቶ አይደለም የሚሠራው። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ናት። ቱቦው በጆሮ ኋላ አድርጎ ከቆዳ ሥር በአንገትና በደረት ወርዶ ሆድ ይገባል። የእናቴ ነጠላ ስትለብስ ምንም አይታይም።

ብሩክ ነኝ ከመናኸሪያ፦

ከወገብ ፈሳሽ ማውጣት ሽባ ያደርጋል። ጎረቤታችን ላይ አይቻለሁ። ይቅርባችሁ።

ሲስተር፦

ብሩክ፣ ጎረቤትህን እግዜር ይማርልህ፤ ግን ይሄን ወሬ ፈርተው እምቢ ያሉ ስንት ሰዎች እንዳሉ ብታውቅ አትጽፈውም ነበር። የአከርካሪው ነርቭ በትልቅ ሰው ላይ ከወገብ ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። ብዙ ጊዜ ከወገብ ፈሳሽ የሚወሰድለት በጠና የታመመ ሰው ነው። በሽታው ሲብስበት ነገሩ በመርፌው ይሳበባል። ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ግን ለጥቂት ቀን ሊኖር ይችላል፣ እሱን አልክድም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ መናገር ግዴታ ነው። ጋሼ አስፕሪንም ሆነ ሌላ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ለሻንቱም ያው ነው።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ነርስ ነኝ። የሐኪማችሁን ቃል አልተካም፤ ነገሩ እንዲገባሽ ያህል ነው።

አንጎላችን በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ይሠራል። በአንድ ጊዜ የሚይዘው ግን 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። እየተሠራ፣ እየተመጠጠ ይኖራል ማለት ነው። መመጠጡ ሲሰንፍ ክፍሎቹ ይሰፋሉ። ሕፃን ላይ ጭንቅላቱ ራሱ ያድጋል፣ እናት በዓይኗ ታየዋለች። ትልቅ ሰው ላይ አጥንቱ ስለማይለጠጥ ከውጭ ምንም የለም። የጋሼ ዓይነቱ ደግሞ ግፊቱ ሲለካ ብዙም ከፍ አይልም። ስለዚህ ከባድ ራስ ምታት የለ፣ ማስመለስ የለ። አካሄድ፣ ሽንት፣ መርሳት። ሦስቱም ተሰብስበው እርጅና ይመስላሉ። አካሄዱ ቀድሞ መበላሸቱ ለእናንተ ደህና ምልክት ነው፤ በሻንት ከሁሉ በላይ የሚሻሻለው እሱ ነው። መርሳቱ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ሌላ በሽታ አብሮት አለ ወይ ተብሎ ይጠረጠር ነበር።

ይህን ሕመም ያስተዋለው ሳሎሞን ሃኪም የሚባል የኮሎምቢያ ዶክተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ቦጎታ ውስጥ የመኪና አደጋ የደረሰበት የ16 ዓመት ልጅ ያክም ነበር። ልጁ አልነቃም። ክፍሎቹ ሰፍተዋል፣ ግፊቱ ግን ኖርማል ነው። ለምርመራ ብሎ 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ከወገቡ ወሰደለት። ልጁ ነቃ፣ ጥቂት ቃላትም ተናገረ። ዛሬ ለጋሼ የታዘዘው የዚያ ልጅ ነገር ነው፤ አሁን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል፣ ከመወሰዱ በፊትና በኋላ አካሄዳቸው ይታያል። ከተሻላቸው ሻንቱም የመጥቀም ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልተሻላቸው ግን በቃ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ሌላ ነገር አይቶ ይወስናል።

ስለ ቫልቩም ጠይቂ፤ ፈሳሹ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው የሻንቱ ክፍል ነው። መጠኑ አንዴ የተወሰነ አለ፣ ከቆዳ ላይ በመሣሪያ የሚስተካከል አለ። የሚስተካከለው ውድ ነው። ግን የአዳማው እናት ላይ የደረሰው ዓይነት ሲያጋጥም ያለ ኦፕሬሽን መጠኑን መቀየር ይቻላል። እሱ ከገባላቸው ወደፊት ኤምአርአይ ሲነሡ ይናገሩ፤ ማሽኑ አንዳንዱን ቫልቭ ከተስተካከለበት ያዛባዋል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ እናትሽን አትጋፊ። ቀጠሮው እስኪደርስ ይጠመቁ። የሚጋጭ ነገር የለውም። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ግን ቁስሉ እስኪድን ውሃ አይነካውም፣ ይሄን አጥብቀሽ ንገሪያት።

የሦስተኛ ክፍል እናት፦

የእኔ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሻንት አለው፤ አሁን ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው። ሕፃንና ሽማግሌ ልዩ ነው፤ ከቱቦ ጋር መኖር ግን አንድ ነው። አንዴ ገብቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። ይደፈናል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። የልጄ አንዴ ተቀይሯል። ትኩሳት፣ ቱቦው ባለፈበት መቅላት ወይም ማበጥ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የተሻለው አካሄድ ወደ ድሮው መመለስ ካያችሁ ነገን አትጠብቁ። እኔ የሲቲውን ፊልም በፌስታል አድርጌ በር ኋላ ሰቅዬዋለሁ። ሌሊት ስንወጣ ማንም አይፈልገውም፣ እሱ ነው የሚቀድመን። የዱሮው ፊልም ከሌለ ሐኪሙ ክፍሎቹ አሁን ይስፉ ድሮም ይስፉ በምን ያውቃል?

ሐይቅ ዳር፦

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። የአዳማው የጻፈውን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የቡናዋ ላይ ሲደርስ ሳቀ። አሁን "ከወገቡ ይወሰድና እንየው፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ብሏል። ለሻንቱ ገና እሺ አላለም። አባቴም ሰምቶ ነበር፤ "ቫልቩ የሚስተካከለው ይሁን" አለ። የሾፌር ነገር!

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ሲስተር፣ አካሄዱን በስልክ ልቅረጸው ወይስ እነሱ ራሳቸው ይመዘግባሉ? ቤት ውስጥ ሁሌ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው።

ሲስተር፦

እነሱም ይመዘግባሉ፣ አንቺም ቅረጪ። ከመወሰዱ በፊት አንዴ፣ ከተወሰደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ አንዴ፣ በማግስቱም ድገሚው። ቦታው አንድ ይሁን፣ ሲዞሩም ይታይ። ነጠላ ጫማውን ተይው፤ የሚያጠልቁት ጫማ ይሁንና ሁሉንም ጊዜ ያንኑ ያድርጉ።