ዳላስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በበርገር ናፍቆት ሊገድለኝ ነው። እናንተስ የየትኛው ቤት ይናፍቃችኋል?

የጠባሴ ልጅ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ አገር ቤት ያላችሁም ውጭ ያላችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዳላስ ለእረፍት መጥቶ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ነው ያረፈው። ዶሮ ተሠራለት፣ በግ ታረደለት፣ እናቴ ጠላ ሳይቀር ጠመቀችለት። እሱ ግን ማታ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ስልኩን ያወጣና የሚያሳየኝ የበርገር ፎቶ ነው። ዋታበርገር የሚባል ቤት። እኔ የአሜሪካ በርገር ሲባል የሚመጣብኝ ማክዶናልድ ብቻ ነው፣ እሱም እኛ አገር የለም። ማክዶናልድ ስለው ደግሞ የሰደብኩት ያህል ይቆጣል።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት በርገር ቤቶች ወደ አንዱ ወሰድኩት። ስፔሻል አዘዝን። እንቁላል አለው፣ ሞርታዴላ አለው፣ ቺዝ አለው፣ ጎኑ ላይ ችፕስ ተከምሯል፣ እንዳይበታተንም ከላይ ስቴኪኒ ተሰክቶበታል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ብር ከቤት ሲላክ የምንሮጠው ወደዚህ ነበር፣ አንዱን ለአራት በቢላ አስቆርጠን፣ ሞርታዴላው የደረሰው ሰው ዕድለኛ ተብሎ። የአክስቴ ልጅ አንዴ ገመጠና "ሥጋው ደርቋል" ብሎ አስቀመጠው። ደሜ ፈላ።

እስቲ ውጭ ያላችሁ ንገሩኝ። በአንድ አካባቢ ብቻ የሚገኝ በርገር ቤት ምን ቢኖረው ነው ሰው እንዲህ የሚሆነው? እዚህ ያላችሁስ የምትወዱት አለ?

ሮቢት ዳላስ

አትፍረድበት ወንድሜ። እኔም የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፣ ዳላስ ነው ያለሁት፣ ቴክሳስ ውስጥ በዋታበርገር ቀልድ የለም። የተጀመረው በ1950 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ኮርፐስ ክሪስቲ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ላይ። ዳቦውን ያኔ ከተለመደው አስፍተው 5 ኢንች አደረጉት፣ በሁለት እጅ ካልያዝከው አይሆንም። ብርቱካንማና ነጭ ሸንተረር ያለውን ጣሪያ ከአውራ ጎዳናው ላይ ሆነህ ታየዋለህ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። እኛ የሌሊት ሥራ የምንሠራ ሰዎች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትኩስ ነገር የምናገኘው እሱ ጋ ነው፣ አብሮህ የሚሰለፈውም ነርስ፣ የታክሲ ሹፌር፣ ከመጋዘን የወጣ ሐበሻ ነው። ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ብቻ የሚሸጥ አንድ ነገር አላቸው፣ የተጠበሰ ዶሮ ማርና ቅቤ ተቀብቶ ለስላሳ ዳቦ ውስጥ የሚገባ። ያን ከበላህ በኋላ ቀጥታ መተኛት ነው።

ስታዝ ቁጥር የተጻፈበት ብርቱካንማ ፕላስቲክ ይሰጡሃል፣ ጠረጴዛህ ላይ ታቆመዋለህ፣ ቁጥሩን አይተው ምግብህን ያመጡልሃል። ልጆች ይህን ቁጥር ይዘው ይጠፋሉ። ያላየሁበት መኪና የለም። የአክስትህን ልጅ ሻንጣ ፈትሽ።

በ2019 ባለቤት የነበረው ቤተሰብ አብዛኛውን ድርሻ ለአንድ የቺካጎ ኩባንያ ሲሸጥ እዚህ የሰው ለቅሶ አይጣል ነበር። ጣዕሙን ሊቀይሩብን ነው ብሎ ነዋ።

ደብረ ሲና ካሊፎርኒያ

ዋታበርገር ጥሩ አይደለም አላልኩም፣ ግን ሎስ አንጀለስ የኖረ ሰው ኢን ኤን አውት ይላል፣ ክርክሩም እዚያ ያልቃል።

ከ1948 ጀምሮ አለ። ሜኑው መዳፍህ ላይ ይጻፋል፤ በርገር፣ ችፕስ፣ መጠጥ፣ ሼክ። ፍሪዘር የላቸውም፣ ማይክሮዌቭም የላቸውም። ሥጋው በረዶ ሳይሆን ከራሳቸው ማዘጋጃ በመኪና ይመጣል፣ ስለዚህ ከማዘጋጃው ርቀው ቅርንጫፍ አይከፍቱም፣ በስማቸው ሌላ ሰው እንዲሠራበትም አይሰጡም። ጠያቂው ለምን በአንድ አካባቢ ብቻ ይገኛሉ ላልከው መልሱ ቢያንስ ለእነዚህ ይሄ ነው። ቴክሳስ የገቡት በ2011፣ ኮሎራዶ በ2020። ኦሮራ ላይ ሲከፈት ሰው መኪናው ውስጥ ተሰልፎ ዋለ። ለበርገር! እኛ ለስኳር ነበር የምንሰለፈው።

እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ወሰድኳት። በርገሩን ግማሹን በላች፣ ብዙም ደስ አላላትም። ኮካዋን ጠጥታ ስትጨርስ ግን ብርጭቆውን ገልብጬ አሳየኋት፣ ከታች ጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል ዮሐንስ 3፥16 ተብሎ ታትሟል። የደብል ደብሉ፣ ማለትም ሁለት ሥጋና ሁለት ቺዝ ያለው በርገር፣ መጠቅለያ ላይ ደግሞ ናሆም 1፥7 አለ። ተርጉሜ ስነግራት ያን ቅባት የነካው ወረቀት በሶፍት ጠረገችው፣ አራት ቦታ አጠፈችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቃሉ ያለበት ነገር ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም አለች። እስካሁን ደብረ ሲና የጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አለ።

ለጾመኛ ደግሞ፣ የእነሱ ችፕስ ድንች፣ የሱፍ ዘይትና ጨው ብቻ ነው። አሜሪካ ያለው የማክዶናልድ ችፕስ ግን የሥጋ ማጣፈጫ ይገባበታል፣ በእሱም ውስጥ የወተት ተዋጽኦ አለ። ዓቢይ ጾምን በማክዶናልድ ችፕስ የገፋችሁ ካላችሁ የንስሐ አባት መፈለግ ነው እንግዲህ።

ጣርማበር

ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ረሳችሁት? ምን በደልናችሁ አቦ።

ኮለምበስ

ኦሃዮ ነው ያለሁት፣ ዋይት ካስልን እስካሁን ያነሳ ሰው አለመኖሩ ገርሞኛል። የሁሉም ታላቅ እኮ እሱ ነው፣ 1921። በርገሩ ትንሽዬ አራት ማዕዘን ነው፣ ሥጋው ላይ አምስት ቀዳዳ አለው፣ የተከተፈ ሽንኩርት ላይ ይደረደርና በእንፋሎቱ ይበስላል፣ አይገለበጥም። በሩን ስትከፍት ቁሌት ቁሌት ይልሃል። አንዱ በሁለት ጉርሻ ያልቃል፣ በቁጥር ነው የምትገዛው። በማግስቱ ሆድህ ምን እንደሚል ግን ኃላፊነት አልወስድም።

አንኮበሬው

ልጆች፣ እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። አሜሪካን የሄድኩት በጃንሆይ ጊዜ መጨረሻ ላይ ለትምህርት ነው፣ ኢንዲያና። በርገር ሼፍ የሚባል ቤት ነበር፣ መነሻው እዚያው ኢንዲያናፖሊስ ነው። ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ወጣት አይኖርም እንጂ በ70ዎቹ መጀመሪያ ከሺህ በላይ ቅርንጫፍ ነበረው፣ ማክዶናልድን የሚገዳደር ነበር። የልጆች ምግብ ከመጫወቻ ጋር በአንድ ሳጥን አድርገው በ1973 ይሸጡ ነበር። ማክዶናልድ የራሱን ያወጣው በ1979 ነው።

እኛን ተማሪዎቹን የያዘን ግን ሌላ ነገር ነው። ዳቦና ሥጋውን ይሰጡህና ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ሰላጣውን ከጠረጴዛ ላይ ራስህ ትጨምራለህ፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ወር መጨረሻ ላይ ያለ ተማሪ ምን እንደሚያደርግ መቼም አይጠፋችሁም። ትንሹን በርገር ገዝተን ላዩ ላይ የመንዝን የጓሳ ሣር ሜዳ እንሠራበት ነበር። አንድ የሞላሌ ልጅ ከእኛ ጋር ነበር፣ እሱማ ሽንኩርቱን ለብቻው በሶፍት ጠቅልሎ ለማታ ሽሮ ይወስድ ነበር። ሽሮው ከአገር ቤት የተላከ ነው፣ ሽንኩርት መግዣ ለምን ይውጣ ይላል።

በ1982 ሃርዲስ የሚባለው ቤት ባለቤቶች ገዙት፣ ብዙዎቹ ቅርንጫፎች ስማቸው ተቀየረ፣ የመጨረሻው ቴነሲ ውስጥ የነበረው በ1996 ተዘጋ። እውነቱን ለመናገር ሥጋው ስስ ነበር፣ ዛሬ ቢከፈት ሁለተኛ የምመለስበት አይመስለኝም። ከእነዚያ ልጆች ግን ግማሾቹ ወደ አገር ተመልሰው በአብዮቱ ጊዜ አለቁ። ስማቸው ሲነሳ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ያ የቲማቲም ሳህን ነው።

የጠባሴ ልጅ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ነፍሳቸውን ይማር። የሞላሌውን ልጅ ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት፣ "የመንዝ ልጅ ብልህ ነው" አለች።

ሮቢት ዳላስ፣ ሻንጣውን ፈተሽኩ። ቁጥር 47። ስጠይቀው ጓደኛው የሰጠው ነው አለ።

ብረት ምጣድ

እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን በርገር ስሠራ የቆየሁ ነኝ፣ አሁን የራሴን ትንሽ ቤት ይዣለሁ፣ ስሟን አልጠራም ማስታወቂያ እንዳትሉኝ። የሥጋው መድረቅ እውነት ነው። ጠባሹን ግን አትውቀሱት።

ሥጋ ቤት ሄደህ የተፈጨ ስጠኝ ስትል የሚሰጥህ ለክትፎ የሚሆነውን ነው፤ ቀይ፣ ስቡና ጅማቱ የተለቀመ። ክትፎ ቅቤ ስለሚገባበት ችግር የለውም። ያንኑ ሥጋ ብረት ምጣድ ላይ ስትጥለው ውሃውን ይለቅና ይኮማተራል። ፈረንጅ ለበርገር የሚመርጠው ከአምስት እጅ አንዱ ስብ የሆነውን ነው። እኔ አንድ ሰሞን ስብ እያስጨመርኩ ሞከርኩት። ሥጋው ወዛም ሆነ፣ በጣም ነው ያማረው። ደንበኛው ግን ወዙ ወረቀቱ ላይ ሲንጠባጠብ ሲያይ "ትራፊ ሥጋ ነው የሰጠኸኝ" ማለት ጀመረ። እና ምን ይደረግ? ሁሉም ሰው ድርቀቱን በማዮኔዝና በካቻፕ ይሸፍነዋል። እንቁላሉም፣ ሞርታዴላውም በእኔ ግምት የገቡት ለዚያው ነው። ቀስ በቀስ ስፔሻል የምንለው ያ ሆነ፣ አሁን ሞርታዴላውን ብታስቀርበት ሰው ይጣላሃል።

ዳቦውም አለ። ዳቦ ቤት የምናገኘው ክብ ዳቦ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ከፊት ስትገምጠው ሥጋው በኋላ ሹልክ ይላል። ስቴኪኒው ለጌጥ አይምሰልህ።

ሦስተኛው ጠላታችን ይሄ ብርድ ነው። 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ሳህኑ ራሱ በረዶ ነው። ከምጣድ እስከ ጠረጴዛ ሲደርስ ቺዙ ደርቆ ይጠብቅሃል። እኔ ሳህኑን ምድጃ ላይ አሙቄ ነው የማቀርበው፣ ሰው ሲይዘው ሲያቃጥለው ይሰድበኛል።

ከዚያ ጾሙ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ የገና ጾም። እነ ኢን ኤን አውት ደብረ ብርሃን ቢመጡ በመጀመሪያው ሁዳዴ ሜኑ ይጨምሩ ነበር። እኔ እርጥብ ነው የሚያኖረኝ፤ ዳቦ፣ ችፕስ፣ ዳጣ፣ አለቀ። እንደውም የእዚህ ከተማ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እርጥቡን ነው፣ በርገሩን አይደለም።

ሸኖ ሚኒሶታ

ቅቤ ከተነሳ እኔ ዝም አልልም። እኛ ጋ ከልቨርስ የሚባል አለ፣ በ1984 ዊስኮንሲን ውስጥ የተጀመረ። የወተት አገር ስለሆነ ዳቦውን ቅቤ ቀብተው ነው የሚያሞቁት። ሥጋውን ምጣዱ ላይ ይጫኑትና ዳር ዳሩ እንደ ዳንቴል ስስ ሆኖ ይጠበሳል። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ "ቅቤ ያለው በርገር ላብላሽ" ስትለኝ የሸኖ ልጅ ነኝና ብዙ ጠበቅሁ። ቅቤው ኮሰረት የለው፣ ኮረሪማ የለው! በሚቀጥለው ጊዜ እናቴ ከላከችልኝ ቅቤ በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩና መኪና ውስጥ ዳቦውን ከፍቼ ጨመርኩበት። አንደኛ! መኪናዋ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ መኪና ሆናለች፣ ባለቤቴ ምን እንደሆነ እስካሁን አላወቀም።

መሐል ሜዳ

ስብ ስብ ትላላችሁ፣ ላት እያለ? የመንዝ በግ ምን ሊሠራ ነው ያን ጭራ ተሸክሞ የሚዞረው?

የጠባሴ ልጅ

ይሄማ ይሞከራል። የታረደው በግ ላት ገና አልተነካም። ብረት ምጣድ ወንድሜ፣ ይሆናል ወይስ ይሸታል?

ብረት ምጣድ

ይሆናል፣ ካልበዛ። የበሬ ሥጋ ግዛ፣ ቀዩን ብቻ አትበል፣ ላቱን ከሥጋው ጋር አብረህ አስፈጭ፣ ለብቻው ከፈጨኸው አንዱ ጋ ተጠራቅሞ ይቀራል። ኪሎ ሥጋ ላይ ሩብ ኪሎ ላት ይበቃል። እጅህ እስኪደክም አትሸው። ጨውን ምጣድ ላይ ልታደርገው ስትል ብቻ፣ ቀድመህ ከለወስከው ቋሊማ ነው የሚሆንብህ። ምጣዱ ይጭስ፣ አንዴ ብቻ ገልብጠው። ሽንኩርትና ቃሪያ ሥጋው ውስጥ አትክተት፣ እናትህ ትጨምርበት ትልሃለች፣ እምቢ በላት። እና በሩን ከፍታችሁ ጥበሱ፣ የላት ጭስ ከጋቢ ላይ አይለቅም።