ስክሪን ሪከርድ እያደረጋችሁ የምታስተምሩ፣ ፋይሉ ገዘፈብኝ ጽሑፉም አይነበብም

ጀማሪ ቲቸር፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ኤክሴል በኦንላይን አስተምራለሁ፣ የምቀዳው ኦቢኤስ በሚባለው ስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት ከ3 ጊጋ በላይ እየሆነ ተማሪዎቹ ማውረድ አቃታቸው፣ ደግሞ አብዛኞቹ በስልክ ስለሚያዩ "ቲቸር ሴሉ ላይ ያለው አይታየንም" ይሉኛል። ጥራት እንዲኖረው ብዬ 1080 በሴኮንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነው ያደረግኩት ታዲያ ለምንድነው የማይነበበው? ፕሮግራም ልቀይር ወይስ ሴቲንግ ነው?

ሴቲንግ ነካኪ፦
ኧረ ፕሮግራም አትቀይር፣ ኦቢኤስ ነፃ ነው፣ የሰዓት ገደብ የለው፣ ዋተርማርክ አይለጥፍብህ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ። 60 ፍሬም ለጌም ነው፣ አንተ ጋ የሚንቀሳቀሰው ማውስ ብቻ ስለሆነ ሴቲንግስ ላይ ቪዲዮ የሚለው ውስጥ ገብተህ 20 አድርገው። ከዛ አውትፑት ላይ ቢትሬቱን (በሴኮንድ የሚቀዳውን ዳታ መጠን) እየው፣ ፋይሉን የሚያገዝፈው እሱ ነው። 2500 ኪሎቢት ላይ ከሆነ በሰዓት 1.1 ጊጋ ገደማ ይመጣል፣ 1000 ካደረግከው ወደ 450 ሜጋ ይወርዳል፣ ድምፁ ትንሽ ነው የሚጨምረው። ብዙ ለማይንቀሳቀስ ስክሪን 1000 አያንስም፣ ለማንኛውም መጀመሪያ አጭር ቀድተህ ሞክረው።

በስልክ የሚያይ፦
የማይነበበው ጥራት ጎድሎት አይደለም ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ስክሪን ስልክ ውስጥ ስትጨምቀው ፊደሉ ያንሳላ! ከመቅዳትህ በፊት የኮምፒውተሩን ሪዞሉሽን 1280 በ720 አድርገው፣ ኦቢኤስንም እዛው ላይ አስተካክለው፣ ፊደሉም ይተልቃል ቢትሬቱን ዝቅ ስታደርገውም ምስሉ ብዙ አይበላሽም። ኤክሴሉን ደግሞ ኮንትሮል ይዘህ በማውሱ ጎማ ዙም አድርገው፣ ኮንትሮል ኤፍ1 ስትጫን ከላይ ያለው የቁልፎች ረድፍ (ሪበን) ይታጠፍልሃል። ዙምኢት የምትባል የማይክሮሶፍት ነፃ ፕሮግራም አለች፣ ኮንትሮል 1 ስትል ታጎላልሃለች፣ ኮንትሮል 2 ስትል ስክሪኑ ላይ ትጽፋለህ፣ ኢስኬፕ ብለህ ትወጣለህ። ፎርሙላ ባሩን ቀይ ክብ አድርገህበት ስታስረዳ እኮ ሌላ ነው።

ድምፅ ይቅደም፦
ሁላችሁም ስለ ምስል ብቻ። ምስሉ ቢደበዝዝ ተማሪ ይታገሳል፣ ድምፁ ሹሹታ ሲበዛበት ግን ወዲያው ነው የሚዘጋው። ኦቢኤስ ውስጥ ማይኩ ላይ ፊልተርስ ገብተህ ኖይዝ ሰፕሬሽን (የጀርባ ጫጫታ የሚቀንሰውን) ጨምርበት፣ ስታወራ የድምፅ ሜትሩ ቢጫው ላይ ይጫወት፣ ቀዩን እንዳይነካ። ሌላው የምትቀዳው በተራ ኤምፒ4 ፋይል ከሆነ ተወው፣ መሃል ላይ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ፋይሉ አልከፍት ሊልህ ይችላል። በኤምኬቪ ቅዳ፣ እሱ እስከተቀዳበት ድረስ ይተርፋል፣ ስትጨርስ ፋይል ሜኑ ውስጥ ሪመክስ ሪከርዲንግስ (Remux Recordings) የሚለው ወደ ኤምፒ4 በአንዴ ይቀይርልሃል ጥራቱንም አይነካም። እና የማንም ሜሴጅ ብቅ እንዳይልብህ ሙሉ ስክሪኑን የሚቀዳውን ዲስፕሌይ ካፕቸር ትተህ፣ አንድ ዊንዶው ብቻ በሚቀዳው ዊንዶው ካፕቸር ኤክሴሉን ብቻ ያዝ።

ሴቲንግ ነካኪ፦
በሌላው እስማማለሁ፣ ዊንዶው ካፕቸር ላይ ግን ተጠንቀቅ። ለኤክሴል ትምህርት አይመችም፣ ምክንያቱም ተቆልቋይ ሜኑ እና እንደ ፎርማት ሴልስ አይነት ቦክስ ለብቻው ዊንዶው ስለሆነ ቪዲዮው ላይ ላይወጣ ይችላል፣ አንተ "ይሄን ምረጡ" ስትል ተማሪው ባዶ ሴል ነው የሚያየው 😂 ዲስፕሌይ ካፕቸሩ ይሁን፣ ኖቲፊኬሽኑን ከዊንዶውስ ራሱ ዝጋው።

ጀማሪ ቲቸር፦
ተባረኩ! 720 እና 20 ፍሬም አድርጌ ሞከርኩት፣ በስልኬ ሳየው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አንድ ሰዓቱን እንዳለ ልልቀቀው ወይስ ልቆራርጠው?

በስልክ የሚያይ፦
ቆራርጠው እንጂ፣ ግን በደቂቃ ሳይሆን በርዕስ። ቪሉክአፕ ለብቻ፣ ፒቮት ለብቻ፣ የፋይሉም ስም እንደዛው ይሁን። የተሳሳትክበት ቢኖር እንኳን እሷን ብቻ ደግመህ ትቀዳታለህ፣ ተማሪውም ፒቮት ፍለጋ ሙሉ ቪዲዮ አያወርድም።