በኬፖፕ ግሩፕ ውስጥ የኮሪያ፣ የጃፓንና የቻይና ጠብ ሲነሳ ምን ይደረጋል?

ሜሪ_አድሚን

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ የኬፖፕ (የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ) ቴሌግራም ግሩፕ ለምታስተዳድሩና ነገሩን ከሥሩ ለምታውቁ ነው። አንድ ሰው «ኮሪያውያን ስለ እነእገሌ እንዲህ አሉ» የሚል ስክሪንሾት ይጥላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የጃፓን ወገን፣ የቻይና ወገን፣ የታይላንድ ወገን ተብሎ ሰው ጎራ ለይቶ ይሰዳደባል። ዘፈኑ ይረሳና ቅኝ ግዛት፣ ባንዲራ፣ የቆዳ ቀለም ይነሳል። የሚገርመው ከተሰዳዳቢዎቹ አንድም ኮሪያዊ፣ አንድም ጃፓናዊ የለም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። «ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ሕግ ይሠራል ወይ? ስክሪንሾቱ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? በማናውቀው ቋንቋ የሚጻፍ ስድብስ እንዴት ይያዛል?

ሀንጉል_በፊደል

ከስክሪንሾቱ ልጀምር፤ እሳቱ የሚጫረው ከዚያ ነውና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ቦታውንና ቀኑን እዪ። ዘፋኟ ሱሊ ከሞተች በኋላ በኮሜንት ስድብ ላይ ቁጣ ተነሥቶ ዳውም የተባለው የኮሪያ ድረ ገጽ በመዝናኛ ዜና ሥር ኮሜንት መጻፍ ኦክቶበር 31 ቀን 2019 ዘጋ። ሌላው ትልቅ ድረ ገጽ ኔቨርም ማርች 5 ቀን 2020 ተከተለ። ስለዚህ «ይኸው የኔቨር የመዝናኛ ዜና ኮሜንት» ተብሎ ከዚያ በኋላ የተፈጠረ ጉዳይ ላይ የመጣ ስክሪንሾት ወይ ከሌላ ቦታ የተነሳ ነው፣ ወይ ተሠርቶ ነው። ሰዉ የተበተነው ኔት ፓን፣ ደኩ፣ ኢንስቲዝና ዲሲ ኢንሳይድ ወደሚባሉ የኮሪያ መወያያ ገጾች ነው። እነዚህም አንድ አይደሉም። ዲሲ ኢንሳይድ ላይ ስም ሳይሰጡ መጻፍ ይቻላል፣ ስድብም እንደ ሰላምታ ነው። ከዚያ አንድ መስመር አንስቶ «ኮሪያ እንዲህ አለች» ማለት፣ ጠጅ ቤት የሰሙትን «አዲስ አበባ እንዲህ አለች» ብሎ እንደ ማውራት ነው።

ኔት ፓን ላይ ከኮሜንቱ ጎን የወደዱትና የጠሉት ሰዎች ቁጥር ይታያል። ስክሪንሾቱ ቁጥሩን ቆርጦ ካስቀረ ተጠራጠሪ። ሁለት ሰው የወደደውና ሁለት ሺህ ሰው የወደደው በፎቶ ላይ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም።

ቀጥሎ ትርጉሙ። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ግሡንም ማፍረሻውንም መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። «ኢልቦኒኒራሶ ሺልታነን ገ አኒራ…» ሲባል «ጃፓናዊት ስለሆነች ጠላኋት ማለቴ ሳይሆን…» ማለት ነው። «አኒራ»ን ቆርጠሽ ጣይው፤ «ጃፓናዊት ስለሆነች ጠላኋት» የሚል መርዝ ይቀርሻል። ብዙ «ማስረጃ» የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ መቀስ ብቻ ይበቃል፣ ፎቶሾፕም አያስፈልገውም።

ከአማርኛ የሚለይበትም አለ። የእኛ ግሥ ባለቤቱን ይዞ ይመጣል፤ «ጠላኋት» ስትይ ማን ማንን እንደጠላ ታውቋል። ኮሪያኛ «ሺልታ» ብሎ ዝም ይላል፤ ማን ምንን እንደጠላ ከዐውዱ ነው የሚገባው። ማሽን ግን ባዶውን አይታገስም፣ ከራሱ «እነሱ» ወይም «እሷ» ብሎ ይሞላል። ስለዚህ ጽሑፉን በፓፓጎ መተርጎሚያም በጉግልም አስተርጉሚና አስተያዪ። ባለቤቱ በሁለቱ ከተለያየ ትርጉሙ አልታወቀም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሊንክ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያላመጣ ሰው ስክሪንሾቱ ይጠፋል በሉ፤ ሰውየው ሳይቀጣ ፎቶው ብቻ ይነሣ።

የድሮ_ካሴት

«ፖለቲካ ክልክል ነው» አይሠራም። አንዱ ፖለቲካ የሚለውን ሌላው የአያቴ ሐዘን ይለዋል።

የ2018ቱን የቢቲኤስ ቡድን ዘፋኝ የጂሚንን ቲሸርት ውሰጂ። ልብሱ ላይ ነፃነቱን የሚያከብር የኮሪያ ሕዝብ አለ፤ ከዚያው ጋር የአቶሚክ ቦምቡ ደመና አለ። ለኮሪያዊው ያ ሥዕል ከ1910 እስከ 1945 የዘለቀው የጃፓን ቅኝ ግዛት ያበቃበት ቀን ነው፤ ለጃፓናዊው ሂሮሺማና ናጋሳኪ ነው። ቲቪ አሳሂ ለኖቬምበር 9 የተያዘውን የቢቲኤስ ፕሮግራም በዋዜማው ሰረዘ። ልብ በይ፣ ቲሸርቱ የዚያ ሳምንት አልነበረም፣ ቀደም ብሎ የተለበሰ ነው። ታዲያ ለምን ያን ጊዜ ፈነዳ? ኦክቶበር 30 የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የጃፓን ብረት አምራች በጦርነቱ ዘመን በግዳጅ ላሠራቸው ኮሪያውያን ካሳ እንዲከፍል ፈርዶ ሁለቱ መንግሥታት ተፋጠው ነበር። አሮጌ ፎቶ ድንገት ግሩፕሽ ውስጥ መመላለስ ከጀመረ፣ ስለ አይዶሉ (ስለ ዘፋኙ) ከመከራከርሽ በፊት ያን ሳምንት በአገሮቹ መካከል ምን እንደተፈጠረ ዜና እዪ።

«ቦምቡ ኮሪያን ነፃ አወጣ» እያለ የሚፎክር ደጋፊ የሚዘለው ነገርም አለ። በሁለቱ ከተሞች ከሞቱት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሪያውያን ነበሩ። የኮሪያ ተጎጂዎች ማኅበር ሃፕቾን የምትባል ቦታ አለ። የቢቲኤስ ኩባንያ ያኔ ይቅርታ የጠየቀው የጃፓኖቹን ተጎጂዎች ብቻ ሳይሆን የኮሪያዎቹንም ነው። በነገራችን ላይ የቶኪዮ ዶም ኮንሰርቶቹ ኖቬምበር 13 እና 14 ሳይሰረዙ ተካሂደዋል። በኢንተርኔቱ ጩኸት ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን አይገምትም።

ከቻይና በኩል ደግሞ ኦክቶበር 2020። ቢቲኤስ በኮሪያ ጦርነት በተዋጋው አሜሪካዊ ጄኔራል ቫን ፍሊት ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሲቀበል የቡድኑ መሪ አርኤም ኮሪያና አሜሪካ የተጋሩትን የሕመም ታሪክና መሥዋዕትነት እናስታውሳለን አለ። ለደቡብ ኮሪያዊ ይህ የተለመደ የምስጋና ንግግር ነው። ቻይና ግን በ1950 ከሰሜን ወገን ገብታ የተዋጋች አገር ናትና «የእኛ ሟቾችስ?» ተባለ። ሳምሰንግ፣ ሃዩንዳይና ፊላ ቻይና ውስጥ ከነበሩ ገጾቻቸው የቢቲኤስን ማስታወቂያ አነሱ። በዚያው ወር ቻይና ጦርነቱን የገባችበትን 70ኛ ዓመት ስታከብር፣ ቻይናውያኑ የኬፖፕ ዘፋኞች የኤክሶው ሌይና የኤፍኤክሷ ቪክቶሪያ ዌይቦ በተባለው የቻይና ማኅበራዊ ገጽ ላይ መታሰቢያ ጽፈው ኮሪያ ውስጥ ተወገዙ። አንድ ጦርነት፣ ሁለት የታሪክ መጽሐፍ። አይዶሉ በመሃል ነው።

ስለዚህ ሕጉን እንዲህ ጻፉት፦ ድርጊት መተቸት ይቻላል፣ ሕዝብ መስደብ አይቻልም። «እገሌ ያን ፎቶ መለጠፏ ስህተት ነው» ይቆይ። «ጃፓኖች ሁሉ»፣ «ድሮም ቻይናዎች» ብሎ የሚጀምር ይነሣ። «ሁሉ» እና «ድሮም» የሚሉትን ቃላት ከአገር ስም ጎን ስታዪ ወደ ስድብ ሊሻገር ነው ማለት ነው።

ግሩፕ_ዘበኛ

ካሴት ያለው ልክ ነው፣ ግን ጠቡ በሞቀበት ሰዓት 1910ን ማስተማር አይቻልም። መጀመሪያ ውሃ፣ ታሪክ ነገ።

ቴሌግራም ላይ ስሎው ሞድን (አንድ ሰው በሁለት መልእክት መካከል የሚጠብቀውን ጊዜ) ወዲያው ወደ 5 ደቂቃ አውጪው። 30 ሰከንድ ለተናደደ ሰው ምንም አይደለም፤ 1 ሰዓት ደግሞ ሰዉን ወደ ሌላ ግሩፕ ያሰድደዋል፣ ጠቡም አድሚን በሌለበት ይቀጥላል። ፎቶና ስቲከር መላክን ለጊዜው ዝጊ፤ በጽሑፍ የሚሰደብ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፣ በሚም የሚሰደብ አይደክመውም። የተነሱ መልእክቶችን በአድሚኖች መዝገብ ማየት የሚቻለው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። «ያለ አግባብ አጠፋችሁብኝ» የሚል ክርክር የሚመጣው ግን በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ከማጥፋታችሁ በፊት ቅጂ አስቀሩ።

ሰዓቱንም አስቢ። ሴኡልና ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይቀድማሉ። እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ስናነሳ እዚያ ከቀትር በኋላ ነው፤ ጠቡ ግማሽ ቀን ሞልቶታል፣ ብዙ ጊዜ ማስተባበያው ሁሉ ወጥቷል። ማርች 1 (የኮሪያ የነፃነት ንቅናቄ ቀን)፣ ኦገስት 6 እና 9 (ቦምቦቹ የተጣሉባቸው)፣ ኦገስት 15 (የኮሪያ ነፃነት ቀን)፣ ኦክቶበር 25 (ቻይና ወደ ኮሪያ ጦርነት መግባቷን የምታስብበት) ላይ አንድ አድሚን በጠዋት ይኑር።

ስድብ በቦት ለማጥራት የሚፈለጉት ቃላት ብዙ አይደሉም። «ጆክባሪ» በኮሪያኛ ጃፓኖችን፣ «ጃንግኬ» ቻይናዎችን መስደቢያ ነው። «ባንግዝ» ቻይናዎች ኮሪያውያንን የሚሰድቡበት ነው። «ቾሰንጂን» አስቸጋሪ ነው፤ ቃሉ «የቾሰን (የድሮዋ ኮሪያ) ሰው» ከማለት አያልፍም፣ ከጃፓናዊ አፍ ለኮሪያዊ ሲወረወር ግን የቅኝ ግዛት ንቀት ነው። «ዶንግናማ»ም እንዲሁ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ማለት ነው፤ በቦት ብታግጂው ስለ ኮንሰርት ጉዞ የሚያወራውን ሁሉ ትዘጊያለሽ። እነዚህን ሁለቱን ሰው ይያቸው።

እያንዳንዱን ቃል በሀንጉል (በኮሪያ ፊደል)፣ በላቲንና በፊደላችን ሦስቴ አስገቢ። የአማርኛ ስድብ ከሆነ ደግሞ ሞክሼ ፊደላትን አትርሺ፦ «አህያ»ን ከልክለሽ «አሕያ»ና «ዐህያ» ያልፉሻል። በፊደሎቹ መካከል ነጥብ የሚያስገባ ብልጥም አይጠፋም፤ እሱን ቦት አይችለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኤክስ (ከቀድሞው ትዊተር) የሚመጣውን አናዳጅ ፖስት በሊንክ እየለጠፋችሁ «ግቡና መልሱለት» አትበሉ። ከ2023 ወዲህ እዚያ ባለ ሰማያዊ ምልክት አካውንቶች ብዙ ምላሽ ባገኙ ቁጥር ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ሄዳችሁ ስትሰድቡት ደመወዙን እየከፈላችሁ ነው።

ሳባ

ስለ ኮሪያና ጃፓን ተባለ፤ ጥቁሮችን የሚመለከተው ቀረ፣ እኛ ግሩፕ ውስጥ ግን በጣም የሚያናክሰው እሱ ነው።

ግማሹ የጆሮ ስህተት ነው። ኮሪያኛ «ኒጋ» ሲል «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለቱ ነው፣ «ኔጋ» «እኔ»። ቻይንኛ «ኔይጋ» «ያ» ማለት ነው፣ እንደ እኛ «እእ…» መንተባተቢያም ይሆናል። የዘፈን ክሊፕ ተቆርጦ «ሰደበን» ተብሎ ሲመጣ የግጥሙን ጽሑፍ በሀንጉል ፈልጋችሁ እዩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ግማሹ ግን እውነት ነው፤ እውነቱን «ባህላቸው ነው፣ አያውቁም» ብሎ መሸፈን አልወድም። ማማሙ በ2017 በኮንሰርታቸው ላይ ባሳዩት ቪዲዮ ፊታቸውን አጥቁረው ታይተዋል፣ ይቅርታም ጠይቀዋል። ያን መናገር አንቲ (የዘፋኙ ጠላት) መሆን አይደለም። ያን የተናገረውን ልጅ ባን የሚያደርግ አድሚን ራሱ ወገን ይዟል።

ደግሞ እባካችሁ «ቃኘው ሻለቃ ባይዘምትላቸው ኖሮ» የሚለውን ዱላ አሳርፉት። ከ1951 ጀምሮ የዘመቱት ወታደሮቻችን ከ120 በላይ ሞተውበታል፤ ቹንቾን ውስጥ መታሰቢያ አላቸው። ክብራቸው የአይዶል ክርክር ማሸነፊያ አይደለም። ሴፕቴምበር 2020 ፊሊፒኖችና ኮሪያውያን በ«ካንስል ኮሪያ» ሀሽታግ ሲናከሱ ፊሊፒኖቹም ይህንኑ አንስተው ነበር፤ እነሱም ከ7,000 በላይ ወታደር ልከዋል። መነሻው የጃፓን ጦር ባንዲራን ይመስላል የተባለ የአንዲት ቲክቶከር የፀሐይ ጨረር ንቅሳት ነው፤ ንቅሳቱን መተቸት ቀርቶ «ድሆች፣ ያልተማራችሁ» ወደሚል ስድብ ሲዞር ነው የፈነዳው። የኋላ ኋላ ነገሩን ያበረዱት «ሶሪ ቱ ፊሊፒኖስ» ብለው የጻፉ ኮሪያውያን ናቸው፤ የዘማች ቁጥር አይደለም።

ሜሪ_አድሚን

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ሳባ ጨረሩን ካነሳሽ አይቀር፦ አባላት በሚሠሩት ፋን አርት ላይ ጨረር ባለ ቁጥር «የጃፓን ጦር ባንዲራ ነው» የሚል አይጠፋም። የቱ ነው የሚነሣው?

የድሮ_ካሴት

የጦሩ ባንዲራ ነጭ ላይ ቀይ ክብ ኖሮት፣ ከክቡ 16 ቀይ ጨረር ወጥቶ እስከ ጨርቁ ጠርዝ ይደርሳል። ቀይ ክብ ብቻ ያለው የጃፓን ብሔራዊ ባንዲራ ነው፤ እሱን ከልክሎ ጃፓናዊ አባል ያለውን የዘፈን ቡድን ደጋፊ ማስተናገድ አይቻልም። ቢጫና ሰማያዊ ጨረር፣ የሰርከስ ድንኳን፣ የጠዋት ፀሐይ ሥዕል ይቆዩ። ቀይና ነጭ ሆኖ ከአንድ ክብ የሚፈነጥቅ ከሆነ ሠሪዋን በውስጥ መስመር ቀለሙን እንድትቀይር ጠይቂያት፤ በአደባባይ አታሳጫት። የጃፓን ባሕር ኃይል ዛሬም ስለሚጠቀምበት «ክልክል አይደለም» የሚል ይመጣል፣ እውነቱን ነው። ኮሪያዊው ግን በዚያ ባንዲራ ሥር የተገዛውን ዘመን ነው የሚያየው። የገርልስ ጄኔሬሽኗ ቲፋኒ በኦገስት 2016፣ ያውም በነፃነት ቀን፣ ስናፕቻት ላይ ያ ጨረር ያለበት ጽሑፍ ለጥፋ ይቅርታ ብትጠይቅም ከምትሠራበት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ወጥታለች። ስቲከሩን መተግበሪያው ነበር ያቀረበላት።

ግሩፕ_ዘበኛ

የጨረሩን ሥዕል ከብሔራዊ ባንዲራው ጎን አድርገሽ በአንድ ፎቶ ፒን አድርጊው። ኦገስት ሳይገባ።