የዩዲሽቲራን ግማሽ እውነት እንዴት ልረዳው?

ማሃባራታን (የጥንቷን ሕንድ ረጅም የጀግንነት ግጥም) እያነበብሁ በኩሩክሼትራ ጦርነት 15ኛ ቀን ላይ ስለ ቆምሁ፣ ድርሰቱን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ እንድትረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በክሪሽና ምክር መሠረት ቢማ አሽዋታማ የተባለ ዝሆን ከገደለ በኋላ፣ በእውነተኛነቱ የታወቀው የቢማ ወንድም ዩዲሽቲራ በጠላት ወገን ለተሰለፈው መምህሩ ለድሮና «አሽዋታማ ሞቷል» ብሎ «ዝሆኑ» የሚለውን ቃል በለሆሳስ ያስከትላል (እኔ በበኩሌ ከግልጽ ውሸት የከፋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ)፤ ድሮናም አሽዋታማ የሚባለው ልጁ የሞተ መስሎት መሣሪያውን ሲያስቀምጥ አንገቱ ይቀላል። ከምድር አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው የዩዲሽቲራ ሠረገላ ያን ጊዜ መሬት መንካቱ ጥፋቱን የሚመሰክር ይመስለኛል። ግራ ያጋባኝ ግን ምክሩን ያመነጨው ክሪሽና ራሱ አምላክ መሆኑ ነው። ዳርማ የሚባለው ሕግ ለድል ሲባል እንዲህ ይታጠፋል ማለት ነው፣ ወይስ ድርሰቱ አምላኩንም ጭምር ይወቅሳል? የትኛውን ክፍል ደግሜ ባነብ ይሻለኛል?