የሺንቶ መቅደስ ገብቶ ጎንበስ ማለት፦ አክብሮት ነው ወይስ አምልኮ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጃፓን ልሄድ ነው። ቶኪዮ ሜይጂ ጂንጉን፣ ኪዮቶ ደግሞ ፉሺሚ ኢናሪን ማየት እፈልጋለሁ። ሁለቱም የሺንቶ፣ የጃፓን ነባር ሃይማኖት መቅደሶች ናቸው። በመቅደሱ ፊት ሰዉ ሳንቲም ጥሎ፣ ሁለቴ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለቴ አጨብጭቦ ይጸልይና አንዴ ደግሞ ጎንበስ ይላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። አብራኝ የምትሄደው ጓደኛዬ «የሰው ቤት ገብተህ ሥርዓቱን ካልፈጸምክ ንቀት ነው» ትላለች። እናንተስ?

የኦሳካዋ፦ አይ ወንድሜ፣ ንቀት አይደለም። እዚህ ስኖር ዓመታት አለፉኝ። ሳላጨበጭብ ብዙ መቅደስ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ የተቆጣኝ የለም። የሚያስቆጣው ሌላ ነው። ቶሪኢ የሚባለው በር የተቀደሰው ቦታ መግቢያ ነው። በ2024 አንዲት ጎብኚ እሱ ላይ ተንጠልጥላ ስፖርት ስትሠራ ቪዲዮ ለቀቀች። በዚያው ዓመት ሜይጂ ጂንጉ ቶሪኢ ላይ ፊደል ቧጥጦ ጻፈ የተባለ አሜሪካዊ ታሰረ።

የጎንደሩ፦ እኔ ከጓደኛህ ጋር ነኝ። ላሊበላ የሚመጣ ፈረንጅ ባያምንም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ደስ ይለናል። ታዲያ እኛ ስንሄድ ወገባችን የሚደርቀው ለምንድን ነው?

መምህር፦ ጫማ ማውለቅና መስገድ ለየቅል ናቸው። ላሊበላ ላይ ፈረንጁን «ስገድ» የሚለው የለም። መስገድ ቀላል ነገር አይደለም። ጃፓን ኮሪያን በቅኝ በያዘችበት ዘመን ኮሪያውያን ሺንቶ መቅደስ እንዲሰግዱ ይገደዱ ነበር። ፓስተር ጁ ኪ ቾል እምቢ ብለው ታሰሩ፤ በ1944 እስር ቤት እንዳሉ ሞቱ። በሌላ በኩል በ1932 የቶኪዮ ሶፊያ ዩኒቨርሲቲ ካቶሊክ ተማሪዎች በጦርነት ለሞቱ ጃፓናውያን በቆመው ያሱኩኒ መቅደስ ላይ አንሰግድም ብለው ትልቅ ውዝግብ ተነሣ። በ1936 ቫቲካን «የአገር ፍቅር መግለጫ ነው፣ ይቻላል» አለች። ክርስቲያኖች ራሳቸው አልተስማሙበትም። ዛሬ የሚያስገድድህ የለም፤ ሕሊናህን ስማ።

የጎንደሩ፦ የኮሪያውን አላውቅም ነበር፤ ልቤን ነካው። ግን ቱሺማ ደሴት ያለው ዋታዙሚ መቅደስ በ2025 «ለአምልኮ ካልመጣችሁ አትግቡ» ብሏል። ይሄስ?

የኦሳካዋ፦ እሱ ጎብኚዎች ነውር ስለሠሩበት ነው እንጂ ስላልሰገዱ አይደለም። እንዲህ ያለው ቦታ ከከለከለህ በቃ፣ አትግባ። ሌላው ጋ በመንገዱ መሐል አትሂድ፤ መሐሉ የካሚ፣ የአማልክቱ መተላለፊያ ነው። የሚጸልይ ሰው አትቅረጽ። ፉሺሚ ኢናሪ ስትደርስ የእነዚያን በረድፍ የቆሙ ቀይ ቶሪኢዎች ጀርባ እየው። የሰጪው ስም ተጽፎበታል። የሰው ስለት ነው እኮ! የኛ ሰው ስለቱ ሲደርስለት ጃንጥላ እንደሚያገባው። ሰዉ ግን ተደግፎባቸው ፎቶ ይነሣል። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው።

ጠያቂው፦ እሺ። እጄን ታጥቤ እገባለሁ፣ ጠርዝ ይዤ እሄዳለሁ፣ ማጨብጨቡ ግን ይቅርብኝ።

መምህር፦ ውሃውስ? እዚያ እጅና አፍ የሚታጠበው ለመንጻት ነው። እሱንም አስብበት።