ጥቁር መስታወት ላይ ቅጣቱ ይጠንክር ወይስ ይቅር? የጅማ ልጆች ክርክር

የሄርማታው፦
ያ ጀመዓ ሰላም ናችሁ። ዛሬ ቡና ላይ ተነስቶ ሰው ሊጣላበት የደረሰ ነገር ነው፣ እዚህም እናውራበት። መስታወቱ ላይ ጥቁር ፊልም የለጠፈ መኪና ቅጣቱ ይክበድ፣ ብሩ ይጨመር፣ በድጋሚ ከተያዘ ደግሞ ታርጋው ይፈታ የሚሉ አሉ። እኔ እደግፋለሁ። ማታ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ ስትሄድ አጠገብህ ቀስ ብሎ የሚነዳው መኪና ውስጥ ሰው ይኑር ጅብ ይኑር አታውቅም፣ እገታ ምናምን በሚወራበት ዘመን ይሄ ቀልድ አይደለም። ደግፉም ተቃወሙም ግን ምክንያት አምጡ፣ ስድብ የለም።

ባለ ባጃጁ፦
በሁለት እጄ እደግፋለሁ። መኪና ያላችሁ ሰዎች አይገባችሁም እኛ ባጃጅ የምንነዳ ሰዎች የምንግባባው በዓይን ነው፣ ፍሬቻ የሚያበራ ስንት አለና! አደባባይ ስገባ የሹፌሩን ፊት ነው የማየው፣ እያየኝ ከሆነ እገባለሁ፣ ስልክ ላይ ከሆነ እቆማለሁ። መስታወቱ ጥቁር ከሆነ ግን ምኑን ልይ፣ የራሴን ፊት ነው መልሶ የሚያሳየኝ።
የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ነው፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ዝናቡም እያካፋ ነው። አንድ ጥቁር መስታወት መኪና ዳር ይዞ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል መብራት የለውም፣ ባዶ ነው ብዬ ጠጋ ብዬ ሳልፍ በሩ በርግድ! የፊት ጎማዬን አጣመመው፣ ከኋላ የነበሩት እናት ቅጠል የያዘ ዘንቢላቸው ጭቃ ላይ ተበተነ፣ እሳቸው አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው። ሰውዬው ወርዶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አላየሁህም»። ወላሂ አልዋሸም! ስፖኪዮውን የሚያየው በዛው ጥቁር መስታወት ውስጥ ነዋ፣ በዛ ሰዓት ምን ሊታየው። ውስጡ ደግሞ በርጫ ነው፣ ሦስት ሰው ተቀምጦ ይቅማል። ባጃጁ የሰው ነው፣ ሦስት ቀን ጋራዥ ሲቆም ገቢውን ከኪሴ ነው ያስገባሁት።

አራዳው፦
ግማሹ ጅማ መኪናውን በርጫ ቤት አድርጎታል እኮ 😂 ቅጣቱ ሲመጣ ጫት ተራ ነው የሚያለቅሰው

ተረኛዋ ነርስ፦
ሳቁ፣ እናንተ ምን አለባችሁ። እኔ ማታ ተረኛ ነኝ፣ አንዳንዴ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው የምወጣው። ቪትዝ ነው የምነዳው። ፊልም ሳላስለጥፍ በፊት በሞተር ሁለት ሆነው ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ ጀምሮ ኪቶ ፉርዲሳ ድረስ የተከተሉኝ ቀን ነበረ፣ ጎን ለጎን እየመጡ ጎንበስ ብለው ያዩኛል ይስቃሉ፣ ቤቴን እንዳያውቁት ብዬ በሩን አልፌ ዞሬ ዞሬ ዘበኛ ያለበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። በማግስቱ ነው ያስለጠፍኩት። አሁን ውስጥ ያለው ሴት ይሁን ወንድ፣ አንድ ይሁን አምስት ማንም አያውቅም። የሄርማታው እንዳልከው «ማን እንዳለ አይታወቅም» የሚለው አንተን ካስፈራህ እኔን ደግሞ እሱ ነው የሚጠብቀኝ። ቅጣቱን ስትጨምሩ ይሄንንም አስቡት።

የሄርማታው፦
እህቴ የምትይው ይገባኛል፣ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር እውነቱን ለመናገር። ግን ላንቺ የሚሠራው ለሌባውም ይሠራል እኮ፣ ፊልሙ ሰው አይመርጥም።

ፊልም ለጣፊው፦
ሰላም፣ እንጀራዬ ስለሆነ ወገንተኛ ነኝ ብላችሁ ብታስቡ አልቀየምም ግን ጥቁር ጥቁር የምትሉት ነገር አንድ አይደለም። ፊልም በቁጥር ነው የሚሸጠው፣ ቁጥሩ የሚያሳልፈው የብርሃን መጠን ነው፣ 70 የሚባለው ከመቶ 70ውን ያስገባል፣ ከሩቅ መለጠፉም አያስታውቅም። 5 የሚባለው ደግሞ በቃ ድፍን ጨለማ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት መሰላችሁ፣ መስታወቱ ራሱ ባዶውን መቶ በመቶ አያሳልፍም፣ 75 የሚያሳልፍ መስታወት ላይ 50 ፊልም ብትለጥፍ የሚቀርህ የ75 ግማሽ ነው፣ 37 ተኩል! ደንበኛው «50 ነው ያስለጠፍኩት ቀላል ነው» ብሎ ይነዳል፣ ማታ ዝናብ ሲመጣ ነው የሚገባው። ለዛ ነው እኔ የፊት በሮች ላይ ጠቆር ያለውን አልለጥፍም የምለው፣ ደንበኛው ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ያስለጥፋል።
ሌላው ደግሞ ከፋብሪካው የኋላው ጠቁሮ የሚመጣ መኪና አለ፣ ቀለሙ መስታወቱ ውስጥ ነው፣ አይላጥም። እሱን ምን ልታደርጉት ነው? ቅጣት ከተባለ ይሄ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

አራዳው፦
ሙቀቱስ? ለሙቀት ነው የሚሉትስ

ፊልም ለጣፊው፦
ለጅማ? ኧረ ተወኝ 😄 ጊቤ በረሃ ስትወርድ አዎ። ደግሞ ቆዳ ለሚያቃጥለው ዩቪ ለሚባለው ጨረር ጥቁረቱ አይደለም ዋናው ነገር፣ ጥርት ብሎ የሚያሳይ ሆኖ ዩቪ የሚያስቀር ፊልም አለ። የፊቱ ትልቁ መስታወት ደግሞ በሁለት መስታወት መሃል ላስቲክ ገብቶበት ስለሚሠራ ያለምንም ፊልም ራሱ አብዛኛውን ያስቀረዋል። «ሐኪም አዞኝ ነው» እያለ 5 የሚያስለጥፍ ሰው ሐኪሙን ያምጣልኝ።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ልጆቼ እንዴት ዋላችሁ። እኔ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፣ አዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአቧራም በጭቃም ተመላልሼበታለሁ። ጊቤ ስንወርድ ፎጣ ውሃ ነክረን በሩ ላይ አንጠልጥለን ነው የምንነዳው፣ ፊልም የሚባል አናውቅም። አሁን ዓይኔ ደክሟል፣ በእግሬ ነው የምሄደው፣ እና የእግረኛን ነገር ማንም አላነሳም። ዜብራ ላይ ስቆም ሹፌሩ በእጁ «እለፍ» ይለኛል፣ ድሮም እንዲህ ነው። ጥቁር መስታወት ሲሆን ይለኝ አይለኝ በምን አውቃለሁ? ባለፈው ቆሜ እጠብቃለሁ እሱም ቆሞ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ጥሩምባ ነፋብኝ። ለካ እለፍ እያለኝ ኖሯል ውስጥ ሆኖ።

ባለ ባጃጁ፦
ጋሼ 😂😂 ይሄ ነው እምለው እኮ!

ሕግ ነገር፦
እድሜ ይስጥዎት ጋሼ። እኔ ጥቁር መስታወት እቃወማለሁ ግን «ቅጣት ይጨመር» የሚለውንም እቃወማለሁ፣ አትሳቁ ስሙኝ። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ድሮም ነበረን፣ 208/2003 የሚባለው፣ በ395/2009 ደግሞ ተሻሽሎ ነበር። ቅጣት የሚባል ነገር ጠፍቶብን አያውቅም። ጥያቄው «ጥቁር» ማለት ስንት ነው የሚለው ነው። ለጣፊው አሁን በቁጥር ነገረን አይደል፣ መንገድ ላይ የሚያስቆምህ ትራፊክ በእጁ ምን አለው? ዓይኑ! 40 ይሁን 60 በምን ይለያል? ጠዋት ፀሐይ ላይ ያለፈው መኪና ማታ ደመና ላይ ጥቁር ይሆናል። ብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለ፣ ከስልክ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው፣ መስታወቱን መሃል አድርገህ ታስይዘዋለህ ቁጥሩን ይነግርሃል። እሱ በሌለበት ቅጣቱን 3 እጥፍ ብታደርገው የሚጨምረው ምኑ መሰላችሁ፣ የሻዩ ዋጋ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ቅጣት ትልቅ ሲሆን «እንተሳሰብ» የሚለውም አብሮ ትልቅ ይሆናል።
ስለዚህ ቦሎ ሲታደስ ምርመራው ላይ ይለካ። በቁጥር። የወደቀ አስልጦ ይምጣ፣ ካላስላጠ ቦሎ የለም። መንገድ ላይ ጭቅጭቅ የለም፣ ታርጋ መፍታት የለም።

የሄርማታው፦
ቦሎ ከወሰደ በኋላ በማግስቱ መልሶ ቢለጥፍስ? ጎማና እሳት ማጥፊያ ተውሰው ምርመራ የሚያልፉ ሰዎች ባሉበት አገር?

ሕግ ነገር፦
ይለጥፋል፣ አልክድም። ያኔ ግን የያዘው ወረቀት ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ቀይሮታል ማለት ነው፣ እሱን ሰው በደንብ ቅጣው፣ እኔም እደግፍሃለሁ። አሁን ግን የምትቀጣው ያልተነገረውን ሰው ነው።

ህንድ የተማረው፦
እኔ ህንድ ማስተርሴን ስማር ነው ይሄ ነገር የመጣው፣ በ2012 በፈረንጆቹ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ፊልም የሚባል ነገር ጭራሽ አይለጠፍ አለ፣ ቀላልም ይሁን ከባድ። ደንባቸው የፊትና የኋላ መስታወት 70 የጎኖቹ 50 ፐርሰንት ብርሃን ያሳልፍ ይላል፣ ያ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ነው እንጂ አንተ የምትለጥፈው አይደለም ነው ያሉት። ከዛማ ፖሊስ መንገድ ላይ ምላጭ ይዞ መላጥ ጀመረ፣ ሰው ቆሞ ያያል፣ እኛ ተማሪዎች በሪክሾ እያለፍን እንስቃለን። ያኔ የተፈቀደላቸው ከፍተኛ ጥበቃ የተመደበላቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እንግሊዞቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የያዙት፣ የፊቱ ትልቁ 75፣ የሹፌሩና የጋቢናው በር 70፣ ከዛ ወደኋላ ያለውን እንደፈለግክ። እኔ የእንግሊዞቹ ነው የሚመቸኝ፣ ሹፌሩ ይታያል ያያል፣ ከኋላ የተቀመጠው ልጅህ ቢተኛ ማንን ይጎዳል።

አራዳው፦
ቪኤይቱስ???

አራዳው፦
ማንም አይመልስልኝም አይደል። ቪኤይት በድፍን ጥቁር መስታወት ሲያልፍ ትራፊኩ ሰላምታ ይሰጣል፣ ቪትዟን ያስቆማል። በዚህ ተስማምተን ነው የምንከራከረው?

ተረኛዋ ነርስ፦
አሁን የልቤን ተናገርክ። እኔን ሁለቴ አስቁመውኛል፣ ሁለቴም ከፊቴ አንድ ትልቅ ጥቁር መኪና ዝም ተብሎ አልፏል። «የመንግሥት ነው» ይሉኛል። በምን አወቁ፣ መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ ነው እንዴ የመንግሥት የሆነው?

የሄርማታው፦
በታርጋው ነዋ። ግን ልክ ነሽ፣ ፈቃድ ያለው ካለ ፈቃዱ ይጻፍ ማንም ያንብበው። ፈቃድ ሲባል ደግሞ ናይጄሪያን አትርሱ፣ ከ1991 ጀምሮ ሕግ አላቸው፣ ጥቁር መስታወት ክልክል ነው ከፈለግክ ፈቃድ አውጣ የሚል፣ እስከ ዛሬ ፈቃዱ ላይ ነው የሚጣሉት።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ልጄ ነርሷ፣ ያንቺን ነገር ሳስበው ነበር። ሞተረኞቹን ነው መያዝ የነበረበት፣ አንቺ መደበቅ አልነበረብሽም። ግን እስኪያዙ ድረስ ምን አድርጊ እንደምልሽ እኔም አላውቅም።

ተረኛዋ ነርስ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። እውነቱን ልናገር ማታ ዝናብ ሲሆን እኔም አላይም። መስታወቱን ዝቅ አድርጌ ነው አንገቴን አውጥቼ የምታጠፈው፣ ያኔ ደግሞ ያው ታየሁ።

ፊልም ለጣፊው፦
የፊት ሁለቱን በሮች አስልጪና የኋላውን ተዪው፣ ከኋላ የሚመጣ ሰው ብቻሽን መሆንሽን አያይም። ጎን ለጎን የመጣ ግን ያያል፣ እሱን አልዋሽሽም። ስታስልጪ የኋላው ትልቁ መስታወት ላይ ማንም በምላጭ እንዳይነካብሽ፣ እነዛ ቀጫጭን መስመሮች የሚያሞቁት ሽቦዎች ናቸው፣ ከፊልሙ ጋር ተላጡ ማለት በጅማ ዝናብ ጭጋጉን የሚያጠፋልሽ የለም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ሙጫው በሳሙና ውሃ ይወጣል።

ሕግ ነገር፦
አሁን ባለ ባጃጁን አንድ ነገር ልጠይቀው። የፊት መስታወትህ ላይ ስንት ጥቅስ ለጥፈሃል?

ባለ ባጃጁ፦
ምን አገናኘው

ሕግ ነገር፦
ስንት?

ባለ ባጃጁ፦
ከላይ ማሻአላህ አለ፣ በስተግራ የአባ ጅፋር አርማ፣ እሱ ዋንጫ የበላንበት የ2010 ነው አይነሳም። ከታች «ለምን ትቸኩላለህ» የሚል። ጎን ላይ ሁለት ትንንሽ። ግን እኔ አያለሁ!

አራዳው፦
የሸራውስ መስኮት? ዝናብ ሲመጣ የምታወርዳት ላስቲክ ቢጫ ሆናለች እኮ፣ ትናንት ውስጥ ቁጭ ብዬ የት ሠፈር እንደደረስን አልታየኝም 😂

የሄርማታው፦
5 ፐርሰንት ናት እሷ 😂😂

ባለ ባጃጁ፦
እሺ ላስቲኳን እቀይራለሁ ለእሱ ቅጣት አያስፈልግም፣ ግን መኪናና ባጃጅ አታመሳስሉብኝ እኔ ከጎን በር የለኝም ሰው ያየኛል። በሉ ዝናቡ ጀምሯል ሥራ ሊወጣ ነው፣ መርካቶ በኩል የምትወጡ ደውሉ።