የወንድሜ ሰውነት በአራት ወር ውስጥ ተለወጠ፤ አናቦሊክ ስቴሮይድ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)

ታናሽ ወንድሜ የ23 ዓመት ወጣት ሲሆን ክብደት ማንሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ሰውነቱ ቀስ በቀስ እየዳበረ ሲሄድ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ባለፉት አራት ወራት ግን 12 ኪሎ ያህል ጨመረ፣ አንገቱና ትከሻው ከሌላው አካሉ ጋር የማይመጣጠን እስኪመስል ድረስ ገዘፈ፣ ጀርባው ላይም ቀድሞ ያልነበረ ትልልቅ ብጉር ወጣበት። ይስቅባቸው በነበሩ ነገሮች አሁን በር ወርውሮ እስከ መዝጋት ይቆጣል፣ ሌሊትም በቅጡ አይተኛም። ባለፈው ሳምንት የታጠበ ልብስ ላስቀምጥለት ክፍሉ ስገባ ዘይት መሰል ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥና ጥቂት መርፌዎች አየሁ። ስጠይቀው መጀመሪያ ቫይታሚን ነው አለኝ፤ ቆይቶ ደግሞ «እናታችንም እኮ ለአስሟ ስቴሮይድ ትወስዳለች፣ ምን ችግር አለው?» ሲል መለሰልኝ።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። የማያቸው ምልክቶች በእርግጥ ጡንቻ ለማግዘፍ የሚወሰደው የአናቦሊክ ስቴሮይድ ናቸው ወይ? ጉዳቱስ እስከ ምን ይደርሳል? ብልቃጡን ጥዬ ዛሬውኑ እንዲያቆም ማስገደድስ ትክክል ነው?

የክብደት አሠልጣኝ

እህቴ፣ አንድን ምልክት ብቻ ይዞ ሰውን መጠርጠር እንደማይገባ አስቀድሜ ልናገር። ብጉር ያለ መድኃኒትም ይወጣል፣ ቁጣም ሌላ መነሻ ሊኖረው ይችላል። እኔ በሠልጣኞቼ ላይ የምመለከተው ምልክቶቹ አንድ ላይ መምጣታቸውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዕድገቱን አካሄድ ነው። ክብደት ማንሳት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥኖ ያድግና ከዚያ በኋላ ዕድገቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ የተፈጥሮ መንገዱ ይኸው ነው። ወንድምዎ ግን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ገና ዛሬ እንደ ጀመረ ሰው፣ ያውም ከጀማሪም በበለጠ ፍጥነት ተመነደገ። ምግቡና የሥልጠና ሰዓቱ ያልተለወጠ ከሆነ ይህ ብቻውን ከብጉሩ ይልቅ ያሳስበኛል።

ከዚህ ሌላ ፊቱ ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ይመስል እንደሆነ፣ በብብቱና በትከሻው መጋጠሚያ ላይ ቀላ ያለ የቆዳ ሸንተረር እንዳለ፣ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው መሳሳት እንደ ጀመረ ልብ ይበሉ። ጡት ጫፉ ሥር የሚያመው ጠጣር እብጠት ካለ ደግሞ ምልክቱ ጠንካራ ነው፤ ብዙዎች ግን ስለሚያፍሩበት ከሠልጣኝ ጓደኞቻቸው ፊት ሸሚዝ አያወልቁም። ጡንቻ በመድኃኒት ኃይል በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት በዚያው ፍጥነት ስለማይከተለው፣ ከባድ ክብደት ባነሱበት ቅጽበት የክንድ ወይም የደረት ጅማታቸው የተበጠሰባቸውን ወጣቶች በዓይኔ አይቻለሁ።

አነጋገሩንም ያዳምጡ። «ሳይክል» ሲሉ ለተወሰኑ ሳምንታት ወስደው ለተወሰኑ ሳምንታት ማረፋቸውን፣ «ስታክ» ሲሉ ደግሞ ሁለትና ሦስት ዓይነቱን ደራርበው መውሰዳቸውን ነው። ከሁሉም በላይ ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ ከመስታወት ጋር ያለው ነገር ነው፤ በገዘፈ ቁጥር ቀጭን ነኝ የሚል፣ ሰውነቱን በሰፊ ልብስ የሚሸፍን፣ አንድ ቀን ሥልጠና ቢያመልጠው የሚጨነቅ ወጣት ሕመሙ ከጡንቻው ሳይሆን ከአስተሳሰቡ ነው። በነገራችን ላይ የፕሮቲን ዱቄትና ክሪያቲን ስቴሮይድ ስላልሆኑ ጣሳ ባዩ ቁጥር አይደንግጡ፤ ሆኖም በአንዳንድ ጡንቻ ገንቢ ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ሽፋናቸው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ የተገኘበት ጊዜ አለ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

በመጀመሪያ ወንድምዎ ስላነሱት ክርክር። እናትዎ ለአስም የሚወስዱት ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለው ክፍል ነው፤ ሥራው እብጠትንና የአካል መቆጣትን ማብረድ እንጂ ጡንቻ መገንባት አይደለም፣ እንዲያውም በእንክብል መልክ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጡንቻን ያሳሳል። አናቦሊክ ስቴሮይድ የሚባሉት ግን ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞንና ከእርሱ የተቀመሙ ዘመዶቹ ናቸው። ቴስቶስትሮን በቤተ ሙከራ የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬም ሆርሞኑ በበሽታ ምክንያት ላነሰባቸው ወንዶች ይታዘዛል። በሐኪም የሚታዘዝ መሆኑ እውነት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የጤነኛ ወንድ ሰውነት በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊ ግራም ያህል ያመርታል፤ እጥረት ላለበት ሰው የሚታዘዘው መርፌ በሳምንት 100 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ ለጡንቻ ብለው የሚወስዱት ግን ከዚህ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ የሚደርሱበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሆርሞን ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ያምናል። ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ ወደ ዘር ፍሬዎች የምትልከውን ትእዛዝ ታቋርጣለች፤ ትእዛዝ ያጡት ፍሬዎች ይሟሽሻሉ፣ የወንድ ዘር ምርት ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል። የተረፈው ሆርሞን ከፊሉ ወደ ሴት ሆርሞን ወደ ኤስትሮጅን ስለሚለወጥ አሠልጣኙ የጠቀሱት የጡት እብጠት የሚመጣው ከዚያ ነው፤ አንዴ ጠንክሮ ከቆየ ደግሞ ያለ ቀዶ ሕክምና ላይጠፋ ይችላል።

ይሁን እንጂ በመስታወት ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይበልጥ ያስፈራኛል። መድኃኒቱ ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ መጥፎውን ይጨምራል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ ደሙን ያወፍራል፣ የልብንም ግድግዳ ያደነድናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ሰርኩሌሽን በተባለው የልብ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ለዓመታት ክብደት ያነሱ 140 ወንዶችን መርምሮ ነበር፤ ስቴሮይድ ከወሰዱት 86 ሰዎች መካከል የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚረጨው በአማካይ 52 ከመቶ ሲሆን ካልወሰዱት 54 ሰዎች ግን 63 ከመቶ ነበር። በውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱም ወገኖች ጡንቸኞች ናቸው፤ ልቡ የደከመው ሰው ደክሞ አይታይም።

በአፍ የሚወሰዱት እንክብሎች ብዙዎቹ ጉበት እንዳያፈርሳቸው ተደርገው የተቀመሙ በመሆናቸው ጉበትን በተለይ ይጎዳሉ። በመርፌ የሚወሰዱት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣሉ፦ ብልቃጡ ከመድኃኒት ቤት ካልወጣ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ንጹሕ መሆኑንም ማንም አያረጋግጥም፤ መርፌ መጋራት ካለ ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ሊከተሉ ይችላሉ፤ የተወጋው ቦታ መግል ቋጥሮ የሚቀደድበት ጊዜም አለ። ዕድሜያቸው ገና ላልደረሰ ልጆች ተጨማሪ አደጋ አለው፤ የአጥንት ማደጊያዎች ያለ ጊዜያቸው ስለሚዘጉ ቁመታቸው ባለበት ይቀራል። በሴቶች ላይ የሚጎረንነው ድምፅ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ በአብዛኛው አይመለስም። የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጃገረድ ስፖርተኞቿ ሳይቀር ቫይታሚን ነው እያለች ሰማያዊ እንክብል ታድል ነበር፤ «ቫይታሚን ነው» የሚለው ቃል ከወንድምዎ አፍ በመውጣቱ ይህ ትዝ አለኝ።

ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከተወጋው ቦታ ጋር ትኩሳት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

አባት ነኝ

ወገኖቼ፣ ነገሩን አታርዝሙት። ብልቃጡን ጣይው፣ ለአባታችሁ ንገሪ፣ ገንዘብ አትስጡት። ልጅ የሚመለሰው በምክር ሳይሆን በቁርጥ ነው።

አምስት ዓመት የወሰድኩ

አባቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን በእኔ ላይ የተደረገው ልክ እንደሚሉት ነበር፣ የሆነውንም ልንገርዎ። ታላቅ ወንድሜ ያገኘውን ሁሉ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋው። እኔም አቆምኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አልተሰማኝም፤ የመጨረሻው መርፌ ገና በሰውነቴ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከውጭ የሚመጣው አልቆ የራሴም ገና ስላልተነሣ፣ ሁለቱም የሌሉኝ ሰው ሆንኩ። ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፣ የወሲብ ፍላጎቴ ጠፋ፣ ጡንቻዬ በየቀኑ ሲከዳኝ እያየሁ ራሴን ስለ ማጥፋት አስብ ጀመር። ቤተሰቤ «ተሻለው፣ ተረጋጋ» እያለ ደስ ይለው ነበር፤ ቁጣዬ ስለ ቀረ። በስድስተኛው ሳምንት ተደብቄ ገዝቼ ተመለስኩ። ከዚያም ማንም እንዳያገኘው የት እንደማስቀምጠው ተማርኩ።

እህቴ፣ ሁለተኛውና የተሳካው ማቆም በሐኪም ክትትል የሆነው ነው። የሆርሞን ሐኪም ደሜን በየጊዜው እየመረመረ፣ የሥነ አእምሮ ባለሙያም እያየኝ፣ የራሴ ሆርሞን ወደ ቦታው ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ስለዚህ እንዲያቆም መፈለግሽ ልክ ነው፤ ብቻውን በአንድ ቀን እንዲያቆም ማድረግ ግን የሚያስፈራኝን ሁለት ወር ብቻውን እንዲያልፍ መተው ነው።

አነጋገሩንም በተመለከተ «ሰውነትህ አስቀያሚ ሆነ» እንዳትዪው። እኔን ወደዚህ ያስገባኝ ሰውነቴ አስቀያሚ ነው የሚለው ሐሳብ ነበርና። «ዋሸኸኝ» ብለሽም አትጀምሪ። እንቅልፉን ጠይቂው። የሚወስድ ሰው እንቅልፍ እንደ ራቀው፣ ሌሊት ላብ እንደሚያጠምቀው፣ ልቡ ሲመታ ትራሱ ላይ እንደሚሰማው ያውቃል፤ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ታላቅ እህት (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጻፌ ነው። ብልቃጡን ባለበት ተውኩት። እንደ ተመከርኩት ስለ እንቅልፉ ብቻ ጠየቅሁት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ሌሊት ልቡ እንደሚደልቅ፣ ይህንንም ከፈራ ሁለት ወር እንደ ሆነው ነገረኝ። በአራት ወር ውስጥ ሁለት ዓይነት መርፌና አንድ ዓይነት እንክብል ወስዷል፤ የሰጠው ሰው ሐኪም አይደለም፣ አብሮት ክብደት የሚያነሣ ነው። አባት ነኝ ያሉትን ወንድማችንን አመሰግናለሁ፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እርሳቸው ያሉትን ነበር።

አብረን ለምርመራ ሄድን። የደም ግፊቱ 150 በ95፣ ሄማቶክሪት የሚሉት፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቀይ ሴሎች ድርሻ፣ 57 ከመቶ፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል 18 ሆኖ ተገኘ፤ የልብ አልትራሳውንድ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ተይዟል። የመጨረሻውን መርፌ የወሰደው ከአሥር ቀን በፊት ነው። አሁን ራሱ እንድጠይቅለት የላከኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ለሐኪሙ ፊት ለፊት ለመጠየቅ አፍሮ ነው። ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ ይላል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ጥያቄው ሊያሳፍረው አይገባም፤ ለወንድምዎ የምለው ይህን ነው። አንድ የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅበት፣ የዘር ምርመራ ዛሬ ቢያደርግ የሚያየው ያለፉትን ወራት ውጤት ነው። አሁን አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይመርመር። አብዛኛዎቹ ወንዶች ካቆሙ በኋላ በወራት ውስጥ፣ አንዳንዶቹም ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ይመለሳሉ፤ የሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባለትም። የወሰደበት ጊዜ አጭር መሆኑ ይጠቅመዋል።

ሄማቶክሪቱ 57 መሆኑን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ለሕክምና ቴስቶስትሮን በታዘዘለት ሰው ላይ እንኳ ከ54 ሲያልፍ መድኃኒቱን እናቆማለን፣ ደም መርጋትን ስለምንፈራ። የልቡ ምርመራ እስኪያልቅ ድረስ ከባድ ክብደት አያንሳ፤ ይህ ለእርሱ ከሁሉ የሚከብደው ትእዛዝ እንደሚሆን አውቃለሁ። ከማቆም በኋላ ሆርሞን ያስነሣል እየተባለ በየጂሙ የሚሸጠውን እንክብልም በራሱ አይጀምር፤ የሚያስፈልገው ከሆነ የሆርሞን ሐኪም መርምሮ ያዝለታል።

ከአሥር ቀን በፊት የወሰደው መርፌ ገና በደሙ ውስጥ ስላለ አሁን ደህና ይመስላል። ከላይ የጻፈው ወንድማችን የገለጸው ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነውና፣ በእነዚያ ሳምንታት ብቻውን እንዳይሆን አሁን ተነጋገሩ፤ የሥነ አእምሮ ቀጠሮውም ከዚያ በፊት ይያዝለት። ለልብ አልትራሳውንዱ ሲሄድ ደግሞ ብልቃጦቹንና የእንክብሉን መያዣ ይዞ ይሂድ፤ የወሰደውን ነገር ስም ሲናገር ቢረሳም በዚያ ይታያል።